ትራም አርጅቶ አልሞተም፦ «ሐዲዱ ይነቀል» ላሉት ጸሐፊ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ትራም (በከተማ መንገድ ላይ በሐዲድ ስለሚሄደው ባቡር) የተጻፈ አንድ ጽሑፍ በዲሲና በአካባቢው ባለን ሐበሾች መካከል ሲዞር ከርሟል። ሰበቡ የዋሽንግተን ዲሲው የኤች ስትሪት ትራም ነው። የዋሽንግተን ከንቲባ ሙሪየል ባውዘር በ2025 ባቀረቡት በጀት ትራሙ ተዘግቶ በኤሌክትሪክ አውቶቡስ እንዲተካ ጠይቀዋል። ጸሐፊው ከዚያ ተነስተው በትራም ዘር ሁሉ ላይ ፈረዱ። ባጭሩ የሚሉት ይህን ነው። ትራም የፈረስ ዘመን ዕቃ ነው። መኪና ሲመጣ ሕዝቡ ራሱ ጥሎታል። ሽቦው ከተማ ያበላሻል። አውቶቡስ ያንኑ ሥራ በርካሽ ይሠራል። ዛሬ መልሰው የሚገነቡት ገንዘብ የተረፋቸው አውሮፓውያን ናቸው። ኤች ስትሪትና አዲስ አበባ ደግሞ የውድቀቱ ሁለት ምስክሮች ናቸው። «ሐዲዱ ይነቀልና አስፋልት ይልበስ» ብለው ጨርሰዋል።

ጽሑፉ ደስ ብሎ የሚነበብ ነው። ብዙው ነጥቡ ግን ውሃ አያነሳም። እንደ አመጣጡ ልመልስ። ዓመቶቹ የኢትዮጵያ ናቸው ካላልኩ በቀር ሁሉም የፈረንጅ ናቸው።

«ትራም የፈረስ ዘመን ዕቃ ነው»

ከፈረስ ዘመን የመጣው ሐዲዱ ነው። የአሜሪካ ከተሞች በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሐዲድ ላይ በፈረስና በበቅሎ የሚጎተት ጋሪ ነበራቸው። አንድ ፈረስ በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ ስለሚሠራ፣ ለአንድ ጋሪ ብዙ ፈረስ መቀለብ ግድ ነበር። በ1872 የፈረስ ጉንፋን ሲገባማ ከተሞቹ ቀጥ አሉ። ሰው ራሱ ጋሪ እስከመጎተት የደረሰበት ጊዜ ነው።

ኤሌክትሪኩ የመጣው ይህን ለማስቀረት ነው። ቨርነር ፎን ሲመንስ በ1881 በርሊን አጠገብ ሊሽተርፌልደ ላይ የመጀመሪያውን መስመር ከፈተ። በትልቅ ከተማ እንደሚያዋጣ ያሳየው ግን ፍራንክ ስፕራግ ነው። የቀድሞ የባሕር ኃይል መኮንን ነው፤ ለጥቂት ጊዜ ኤዲሰን ዘንድም ሠርቷል። በየካቲት 1888 ከዲሲ በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል በምትርቀው በሪችመንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ትራሞችን በኮረብታማ መንገድ ላይ አስነዳ። ያንን ያዩ ከተሞች ወዲያው ተከተሉት። በ1902 ከአሜሪካ የከተማ ሐዲድ 97 በመቶው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሆኖ ነበር። በ14 ዓመት ውስጥ ማለት ነው።

ደግሞ ካርል ቤንዝ የመኪናውን ፓተንት ያወጣው በ1886 ነው። ዕድሜ ወንጀል ከሆነ መኪናው ከስፕራግ ትራም በሁለት ዓመት ይበልጣል። አልፌዋለሁ።

«ሕዝቡ ራሱ ጥሎታል»

የጽሑፉ ምሰሶ ይህ ነው። እኔም ጠበቅ የማደርገው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልስጣቸው። ጸሐፊው «ትራሙን የገደለው ጄኔራል ሞተርስ ነው» የሚለውን የቆየ ወሬ አልተቀበሉም። ልክ ናቸው፤ ቢያንስ በግማሽ። ወሬው ከሜዳ የተነሳ አይደለም። ናሽናል ሲቲ ላይንስ የሚባል ድርጅት ነበር። ጄኔራል ሞተርስ፣ ፋየርስቶን፣ ስታንዳርድ ኦይል ኦፍ ካሊፎርኒያ፣ ፊሊፕስ ፔትሮሊየምና ማክ ገንዘብ አስገብተውበታል። በየከተማው የትራም ኩባንያ እየገዛ ወደ አውቶቡስ ይቀይር ነበር። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1949 ቺካጎ ላይ ተፈረደባቸው። የተፈረደባቸው ግን ለዚያ ድርጅት አውቶቡስ፣ ጎማና ነዳጅ የመሸጡን ገበያ ጠቅልለው ለመያዝ በመዶለታቸው ነው። የከተማ ትራንስፖርትን ለመቆጣጠር አሲረዋል ከሚለው ክስ ነፃ ወጥተዋል። ቅጣቱ ለየኩባንያው 5,000 ዶላር ነበር፤ ለተከሰሱት ኃላፊዎች ደግሞ አንድ አንድ ዶላር። አንድ ዶላር! በዚያ ዘመንም ቢሆን ያው መቀለድ ነው።

ይሁን እንጂ በሴራ ወሬው ውስጥ ሁሌ የሚነሱት የሎስ አንጀለስ ቀያይ ትራሞች፣ ፓሲፊክ ኤሌክትሪክ፣ የሰዘርን ፓሲፊክ የባቡር ኩባንያ ንብረት ነበሩ። ናሽናል ሲቲ ላይንስ ገዝቷቸው አያውቅም። እነሱም ሞቱ። የመጨረሻው መስመር በ1961 ሲዘጋ በመንግሥት ተቋም እጅ ነበር።

እዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር ነን። ከዚህ በኋላ ግን ዘልለዋል። ጄኔራል ሞተርስ ካልገደለው ሕዝቡ ገደለው ይላሉ። መሀል ላይ ያለውን ታሪክ አልነኩትም፤ ዋናው ነገር ደግሞ እሱ ነው።

የትራም ኩባንያዎቹ በአብዛኛው የግል ነበሩ። ሐዲድ የሚዘረጉት ከከተማው ጋር ውል ገብተው ነው። ብዙው ውል ታሪፉን በ5 ሳንቲም ቸንክሮታል፤ የሚቀየረው በከተማው ምክር ቤት ወይም በተቆጣጣሪው ፈቃድ ብቻ ነው። በዚያ ላይ በሐዲዱ መሀልና ዳር ያለውን መንገድ ኩባንያው ራሱ ያነጥፋል፣ ይጠግናል፣ በብዙ ቦታ በረዶውንም ይጠርጋል። ድንጋዩን የሚፈጨው የሌላው ጋሪ፣ በኋላም የሌላው መኪና ነው፤ የሚከፍለው ግን ትራሙ ነው።

አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ደመወዝ ናረ፤ ብረትና ከሰል ናረ። ታሪፉ እዚያው 5 ሳንቲም ላይ ቆመ። በ1919 ከአገሪቱ የትራም ኩባንያዎች ሲሶ ያህሉ ከስረው ነበር። ፕሬዚዳንት ዊልሰን በዚያው ዓመት አጣሪ ኮሚሽን እስከማቋቋም ደረሱ። ልብ በሉ፤ ይህ የሆነው አብዛኛው አሜሪካዊ መኪና ሳይኖረው ነው። ትራሞቹ ጢም ብለው እየተጫኑ ነው የከሰሩት።

ከ1914 ጀምሮ ደግሞ «ጂትኒ» የሚባል ነገር መጣ። አንዱ ፎርዱን ይዞ ወጥቶ በትራሙ መስመር ላይ ከትራሙ ፊት ፊት እየሄደ በዚያችው 5 ሳንቲም ሰው ይለቅማል። የእኛን ውይይት ታክሲ ለሚያስታውስ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ግብር የለም፣ የመንገድ ጥገና የለም፣ ሌሊት ሥራ የለም፤ የሚሠራው ሰው በሚበዛበት ሰዓትና መስመር ብቻ ነው። ትራሙ ግን በውሉ መሠረት ባዶም ቢሆን እስከ መጨረሻው ፌርማታ መሄድ አለበት። ከተሞቹ በኋላ ጂትኒዎቹን በፈቃድና በዋስትና ሕግ አባረሯቸው። ጉዳቱ ግን ደርሷል።

ቀጥሎ የግል መኪናው ሐዲዱ ላይ ወጣ። ይህን ነጥብ ጸሐፊው ፈጽሞ አላነሱትም። ሐዲዱ ከመንገዱ መሀል ስለሆነ ትራሙ መሸሻ የለውም፤ ፊቱ ያለው መኪና ከቆመ ይቆማል። የሎስ አንጀለስ ምክር ቤት ይህ ገብቶት ነበር። በሚያዝያ 1920 በሥራ ሰዓት መሀል ከተማ መኪና ማቆም ከለከለ። ትራሞቹ ወዲያው በሰዓታቸው መሄድ ጀመሩ። ነጋዴውና ባለመኪናው ግን ጮኸ፤ አንዲት የፊልም ተዋናይት የመራችው የመኪና ሰልፍ ሁሉ ወጣ። ክልከላው ወር ሳይሞላው ላላ። ትራሙም ወደ መጨናነቁ ተመለሰ፤ ሲዘገይ ደግሞ ሰው «ትራም ቀርፋፋ ነው» አለ።

በ1935 የወጣው የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች ሕግም አለ። ብዙ ትራም የሚተዳደረው በመብራት ኩባንያ ሥር ነበር። ሕጉ እነዚህን ድርጅቶች ሲበታትን ብዙዎቹ ትራማቸውን አውጥተው ሸጡ። ናሽናል ሲቲ ላይንስ ብቅ ያለው በቀጣዩ ዓመት ነው። የሴራው ወሬ ይህን አያወራም። ለማውራት ደስ አይልማ።

ዋሽንግተን ራሷስ? እዚህ ከተማ ትራም በ14ኛው መንገድም በዩ ስትሪትም ያልፍ ነበር። ዛሬ የሐበሻ ምግብ ቤት የተደረደረበት ሰፈር ማለት ነው። ዱፖን ሰርክል ሥር ለትራም የተቆፈረው ዋሻ እስካሁን አለ። በ1956 ኦ. ሮይ ቾክ የሚባል ባለሀብት የከተማዋን የትራም ድርጅት ሲገዛ ኮንግረስ በፈቃዱ ውስጥ አንድ ግዴታ አስገባበት፦ ትራሞቹ በሙሉ በአውቶቡስ ይተኩ። ሰውየው ትራሙን ማቆየት ፈልጎ ነበር። ማቀዝቀዣ ያለው የጎብኚ ትራም እስከማሠራት ሄዷል። አልሆነለትም። የመጨረሻው ትራም ጥር 28 ቀን 1962 ገባ። የዲሲ ነዋሪ ደግሞ ያኔ ከንቲባውንም ምክር ቤቱንም አይመርጥም። «ሕዝቡ ጣለው» የሚለው ቃል እዚህ ከተማ ላይ በምን ሒሳብ ይሠራል?

«ሽቦው ከተማ ያበላሻል»

ይህን ክርክር ዋሽንግተን ከ130 ዓመት በፊት ጨርሳዋለች። ኮንግረስ በ1880ዎቹ ማብቂያ ላይ በአሮጌው ከተማ ክልል ውስጥ በአየር ላይ የሚዘረጋ ሽቦ ከለከለ። ኩባንያዎቹ ምን አደረጉ? ኤሌክትሪኩን ቀበሩት።

ጆርጅታውን ውስጥ ኦ ስትሪት ወይም ፒ ስትሪት ይሂዱና መሬቱን ይዩ። በድንጋይ ንጣፉ መሀል ሁለት ሐዲድ አለ። በሁለቱ መካከል ሌላ የብረት መስመር ይታያል። ጠጋ ብለው ሲያዩት መሀል ለመሀል ስንጥቅ አለው። ከስንጥቁ ሥር ቦይ ነበር፤ በቦዩ ግራና ቀኝ ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ሁለት ብረቶች። ትራሙ ከሆዱ ሥር አንድ ጠፍጣፋ ዘንግ በስንጥቁ አሾልኮ ከእነሱ ጉልበት ይወስዳል። ከክልከላው ክልል ሲወጣ አንድ ጉድጓድ ላይ ይቆማል። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ሠራተኛ ዘንጉን ይፈታል። ጣሪያው ላይ የተኛው ምሰሶ ተነስቶ ከሽቦ ይገናኛል። ጉዞ ይቀጥላል። ተሳፋሪው ከወንበሩ አልተነሳም።

ውድ ነበር፤ በረዶና ቆሻሻ ስንጥቁን ይሞላዋል። ግን ከ60 ዓመት በላይ ሠርቷል። የፈረንሳይዋ ቦርዶ በ2003 ትራም ስትከፍት በታሪካዊው መሀል ከተማ ሽቦ አልፈለገችም። በሐዲዱ መካከል ሦስተኛ ሐዲድ አስቀበረች። ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ትራሙ በላዩ ሲሆን ብቻ ነው፤ ሰው ቢረግጠው ምንም አይሆንም። ሽቦ የማይፈልግ ከተማ ገንዘቡን ጨምሮ ያለ ሽቦ መሥራት ይችላል። ሽቦ ትራምን ለመከልከል ምክንያት አይሆንም።

«አውቶቡስ ያንኑ ሥራ በርካሽ ይሠራል»

አንዳንድ ቦታ፣ አዎ። በሰዓት ጥቂት መቶ ሰው በሚሄድበት መንገድ ላይ ሐዲድ መዘርጋት ገንዘብ መበተን ነው። ይህን የሚክድ የትራም ወዳጅ ካለ እኔ አይደለሁም።

መንገዱ ሲሞላ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። ተራው 12 ሜትር አውቶቡስ እጅግ ቢጨናነቅ 80 ሰው ገደማ ይይዛል። 45 ሜትሩ ትራም ወደ 300 ሰው ይዞ በአንድ ሾፌር ይሄዳል። አሜሪካ ውስጥ ከየዕለቱ ወጪ ትልቁን የሚበላው የሠራተኛ ደመወዝ ነው። አውቶቡስ ሲጨመር ሾፌር ይጨመራል፤ ከዚያም አውቶቡሶቹ እርስ በርሳቸው ፌርማታ ላይ ይሰለፋሉ።

ዕድሜም አለ። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በራሱ ገንዘብ የተገዛ ትልቅ አውቶቡስ ቢያንስ 12 ዓመት እንዲያገለግል ይጠብቃል። ኒው ኦርሊንስ በሴንት ቻርልስ መስመር ላይ የሚሄዱት አረንጓዴ ትራሞች በ1920ዎቹ የተሠሩ ናቸው። ሚላን ውስጥም የ1928ቱ ሞዴል ዛሬም ሰው ወደ ሥራ ያመላልሳል፤ የእንጨት ወንበሩ እንዳለ ነው። ሁሉም ትራም መቶ ዓመት ይኖራል አልልም። ሠላሳ ዓመት ግን ተራ ነገር ነው።

ጸሐፊው የኮሎምቢያዋን ቦጎታን ጠቅሰዋል፤ የከተማዋ የአውቶቡስ መረብ ትራንስሚሌኒዮ ተአምር ሠርቷል ብለው። እውነት ነው። ግን ለምን ሠራ? አውቶቡሱ መኪና የማይገባበት የራሱ መስመር ስለተሰጠው ነው። ምሳሌው ለእኔ ይመሰክራል። ፉክክሩ በጎማና በብረት መካከል ነው ብሎ ማሰብ ነው የሚያሳስተው።

«መልሰው የገነቡት ገንዘብ የተረፋቸው ናቸው»

ሞሮኮ ገንዘብ ተርፏታል እንዴ? ራባት በ2011፣ ካዛብላንካ በ2012 ትራም ከፍተዋል። አልጀርስም በ2011። እስክንድርያማ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምራ ሐዲድ አላት።

አውሮፓም ቢሆን ከምቾት ተነስታ አይደለም የገባችበት። ፈረንሳይ በ1960ዎቹ ትራሞቿን ከሞላ ጎደል ነቅላ ጨርሳ ነበር፤ የቀሩት ሊል፣ ማርሴይና ሴንት ኤቲየን ብቻ ነበሩ፤ እነሱም በየአንድ መስመር ገደማ። ናንት በ1985 መልሳ ጀመረች፤ ግሮኖብል በ1987 ተከተለች። የሚያስተምረው ግን ስትራስቡር ነው። ከተማዋ በ1960 የመጨረሻውን ትራም ዘግታ ነበር። በ1980ዎቹ ማብቂያ ላይ ሹሞቿ ሾፌር አልባ የምድር ውስጥ ባቡር ለመሥራት ወጠኑ። ብዙ ነጋዴዎች ያንን ደግፈዋል፤ መኪናው ከላይ እንደልቡ እንዲሄድ። ካትሪን ትሮትማን በ1989 ለከንቲባነት ስትወዳደር «ትራሙን ከላይ አደርገዋለሁ» ብላ ቀረበች፤ አሸነፈች። በ1994 መስመሩ ሲከፈት መኪና መሀል ከተማውን አቋርጦ ማለፍ ቀርቶ ነበር። ክሌበር አደባባይ የእግረኛ ሆነ። ትራሙ በ2017 የራይን ወንዝን ተሻግሮ ጀርመን ገብቷል፤ ኬል ድረስ።

ገንዘቡ ከየት መጣ? በፈረንሳይ 11 ሰውና ከዚያ በላይ የቀጠረ ድርጅት ከደመወዝ ወጪው ላይ ለከተማው ትራንስፖርት የተወሰነ በመቶ ይከፍላል። ሠራተኛውን በሰዓቱ ቢሮ የሚያደርሰው ትራሙ ነው ከሚል ሒሳብ የመጣ ግብር ነው። ይህች ግብር ባትኖር የፈረንሳይ ትራም እንዲህ አይስፋፋም ነበር።

ያልነቀሉትንም አንርሳ። የቶሮንቶ ትራንስፖርት ድርጅት ቦርድ በ1972 የነዋሪዎች ቡድን ተከራክሮት ትራሞቹን አቆየ። ሜልበርን ሳትነቅል ቀርታ ዛሬ 250 ኪሎ ሜትር ያህል መስመር ይዛ በዓለም አንደኛ ናት።

«ኤች ስትሪት ማስረጃ ነው»

የምን ማስረጃ? እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር በውጤቱ እንስማማለን፤ ትራሙ አልሠራም። የምንለያየው በምክንያቱ ነው።

መስመሩ በየካቲት 2016 ተከፈተ። ርዝመቱ 2.2 ማይል ገደማ ነው። ወጪው ወደ 200 ሚሊዮን ዶላር ተጠግቷል። የመጀመሪያዎቹን ተሽከርካሪዎች ከተማዋ ከቼክ ሪፐብሊክ ያሠራቻቸው ለሌላ መስመር ነበር፤ ሐዲዱ ስላልደረሰ እዚያው ቼክ ውስጥ ዓመት ከዓመት ቆመው ከርመዋል። ዕቅዱ በየሰፈሩ የሚደርስ 37 ማይል መረብ ነበር። እየተቆረጠ እየተቆረጠ ይህቺው አንዷ ቀረች።

ምዕራቡ ጫፍ ከዋናው ባቡር ጣቢያ ከዩኒየን ስቴሽን ጀርባ ድልድይ ላይ ነበር። ሜትሮ (የምድር ውስጥ ባቡሩን) ለመያዝ ወርደህ በመኪና ማቆሚያው ሕንፃ በኩል ታቋርጥ ነበር። በምሥራቅ ወንዙን ሳይሻገር ኦክላሆማ አቬኑ ላይ ይቆም ነበር። መሀል ከተማ አይገባም ነበር። በዚያው መንገድ ላይ X2 የሚባለው አውቶቡስ ከሚኒሶታ አቬኑ ተነስቶ እስከ ዋይት ሐውስ ጎን ይሄድ ነበር። ሥራ የሚገባ ሰው የቱን ይይዛል? ትራሙ በነፃ ነበር፤ ሰው ግን ከፍሎ አውቶቡሱን ይይዝ ነበር። አይፈረድበትም።

ትልቁ ጥፋት ሌላ ነው። ሐዲዱ የተቀበረው ከቆሙ መኪኖች ጎን ነው። ኤች ስትሪት ላይ ትንሽ የቆመ ሰው ይህን ትዕይንት ያውቀዋል። አንዱ ምግብ ሊያደርስ የመጣ ሰው መኪናውን አቁሞ ሮጦ ይገባል። የኋላ ጎማው ከነጩ መስመር አንድ ስንዝር ወጥቷል። ትራሙ ይደርሳል፤ ይቆማል። ሾፌሩ ደወሉን ይደውላል። ደግሞ ይደውላል። ከኋላ የመጣው አውቶቡስ መሪውን ጠምዝዞ ያልፋል፤ ተሳፋሪዎቹ በመስኮት ትራሙን እያዩ። ሰውየው ፌስታሉን ይዞ ሲወጣ እጁን ለይቅርታ ያነሳል። የሎስ አንጀለሱ 1920 እንደገና ማለት ነው፤ ከመቶ ዓመት ግድም በኋላ፣ ያውም እያወቁ።

ጸሐፊው ያላነሷትን ካንሳስ ሲቲን ልጨምር። በዚያው በ2016 በግንቦት ከፈተች። ርዝመቱ በዚያው 2.2 ማይል ገደማ። በነፃ ነው፤ አብዛኛው ጉዞውም ከመኪና ጋር ተጋርቶ ነው። ስለዚህ «የራሱ መስመር ከሌለው ምንም አይሠራም» ብዬ ደረቅ አልልም። ግን ልዩነቱን እዩ። መስመሩ መሀል ከተማውን ሰንጥቆ ከገበያው ሰፈር እስከ ዩኒየን ስቴሽን ይሄዳል፤ ሰው ሊሄድበት በሚፈልገው መንገድ። ገንዘቡ ደግሞ በመስመሩ ዙሪያ ከተከለለ ቀጠና ነው የሚሰበሰበው፤ ከንብረት ባለቤቶች በሚከፈል መዋጮና በዚያው ቀጠና ከየዶላሩ ሽያጭ በሚሰበሰብ የ1 ሳንቲም ግብር። የቀጠናው ነዋሪዎች ድምፅ ሰጥተው ነው ያጸደቁት። ከፋዩ ጠቃሚው ስለሆነ ጉዳዩን የሚከታተል ሰው አለው። ከተማዋ በ2025 መስመሩን እስከ ዩኒቨርሲቲው በ3.5 ማይል አራዝማዋለች። ሁለት ከተማ፣ አንድ ዓመት፣ አንድ ርዝመት። አንዱ ሲራዘም አንዱ ይዘጋል። ትራምነት ራሱ ጥፋት ከሆነ ይህ እንዴት ይሆናል?

በመንገዱ ቁፋሮ ጊዜ ትናንሽ ሱቆች ተጎድተዋል የሚለውን የጸሐፊውን ቅሬታ ግን እቀበላለሁ። ከተማ ሐዲድ ሲዘረጋ ካሳ አብሮ መታሰብ አለበት።

«አዲስ አበባም ያው ነው»

ያው አይደለም። እንዲያውም የተገላቢጦሽ ነው።

የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር በኢትዮጵያ አቆጣጠር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። 475 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል፤ 85 በመቶው የቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር ነው። ሁለት መስመር ነው፦ ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ። በድምሩ ወደ 34 ኪሎ ሜትር። ሐዲዱ በአጥር ወይም በድልድይ ተለይቷል፤ ሚኒባስ ፊቱ አይቆምም። ኤች ስትሪት ያጣው ነገር አዲስ አበባ ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ አለ።

አጥሩ የራሱ ጣጣ አለው። ሃያ ሁለት አካባቢ ከማዶ ወደ ማዶ ለመሻገር ስንት እንደሚዞር የሰፈሩ ሰው ይንገራችሁ። ዲዛይኑ እግረኛውን ረስቶታል። ይህ መነገር ያለበት ወቀሳ ነው።

ባቡሩን የጎዳው ግን ሌላ ነው። ከ41ዱ ባቡሮች ከግማሽ በላይ ቆመው የኖሩበት ጊዜ አለ። ለምን? መለዋወጫ የለም። መለዋወጫው የሚገዛው በዶላር ነው። ገቢው በብር ነው፤ ያውም ሲጀመር ታሪፉ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ያኔ አንድ ዶላር 21 ብር ገደማ ነበር። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ከ100 ብር አልፏል። ታሪፉ ምን ቢጨመርበት ዶላሩን አይደርስበትም።

ይህ ነገር የት ነበር ያየነው? በ1919 አሜሪካ። ታሪፉ ተቸንክሮ ወጪው ሲያሻቅብ፣ ባቡሩ ጢም ብሎ እየተጫነ ሲከስር። ርካሽ ታሪፍ ክፉ ነው አላልኩም። ለቀን ሠራተኛው ርካሽ መሆን አለበት። ግን በታሪፉና በወጪው መካከል ያለውን ማን ይሸፍናል የሚለው ሳይወሰን ከተተወ ባቡሩ ራሱን እየበላ ይሄዳል፤ አንዱ ባቡር ለሌላው መለዋወጫ ይሆናል።

ጸሐፊው ታዲያ «ሐዲዱ ተነስቶ ለመኪና ይስፋ» ይላሉ። እንቁጠረው። ሁለቱ ሐዲዶች የያዙት ቦታ በየአቅጣጫው አንድ አንድ የመኪና መስመር ቢወጣው ነው። መብራት ባለበት የከተማ መንገድ ላይ አንድ የመኪና መስመር በሰዓት ከ1,600 ሰው በላይ እምብዛም አያሳልፍም። አንዱ ባቡር 280 ገደማ ሰው ይይዛል። በየ6 ደቂቃው አንድ ቢያልፍ በሰዓት 10 ባቡር፣ 2,800 ሰው ነው። ይህም ሁለት ባቡር አንድ ላይ ሳይያያዝ። ስለዚህ ሐዲዱን መንቀል ማለት በዚያ ኮሪደር የሚያልፈውን ሰው መቀነስ ነው። ቦታውን ለማግኘት የፈረሰው ቤትና የተከፈለው ዕዳ ደግሞ አይመለስም።

በጽሑፋቸው መጨረሻ ላይ «ታዲያ ማን ይክፈል?» ብለው ጠይቀዋል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ከሁሉም የወደድኩት እሱን ነው። ስትራስቡር ከቀጣሪው ወስዳለች። ካንሳስ ሲቲ በመስመሩ ዳር ካለው ባለንብረት ወስዳለች። አዲስ አበባ ውስጥ መሬቱ የሚሰጠው በሊዝ ነው። ከአያት እስከ መገናኛ በሐዲዱ ግራና ቀኝ ባለፉት ዓመታት የወጣውን ፎቅ ያየ ሰው የመሬቱ ዋጋ የት እንደደረሰ አያጣውም። ከዚያ ኮሪደር ከሚሰበሰበው የሊዝና የቤት ግብር አንድ ድርሻ በሕግ ተቆርጦ ለባቡሩ ጥገና ይሂድ፤ ለመለዋወጫው የሚሆን የውጭ ምንዛሪም ከዓመቱ መጀመሪያ ይመደብለት። ይህ ሐሳብ ቀዳዳ ሊኖረው ይችላል። ጸሐፊው በሚቀጥለው ጽሑፋቸው ቀዳዳውን ቢያሳዩኝ ከሐዲድ ነቀላው ይልቅ በእሱ ላይ መከራከር እመርጣለሁ።